«ሬሳ ሳላይ ለቅሶ አልቀመጥም»፦ የሶፕራኖስ መጨረሻና የ10 ሰከንድ ጨለማ

እሁድ ማታ ነው፣ ጁን 10 ቀን 2007፣ ቨርጂኒያ ውስጥ አራት ሐበሾች ተዳብለን የምንኖርባት አፓርታማ፣ ሰዓቱ ለ4 ትንሽ ጉዳይ። ቴሌቪዥኑ ላይ አንድ ወፍራም ሰውዬ ከሚስቱና ከወንድ ልጁ ጋር ተቀምጦ የተጠበሰ ሽንኩርት ይበላል፣ የበሩ ቃጭል አቃጨለ፣ ሰውዬው ቀና አለ፣ ከዛ ድርግም። ጥቁር። ዘፈኑም መሃል ላይ ተቆረጠ።

«መብራት ሄደ!» አሉ ጋሼ።

አሜሪካ ከገቡ ስንት ዘመናቸው፣ ታክሲ እየነዱ የዲሲን መንገድ እንደ ሰፈራቸው የሚያውቁ ሰውዬ፣ ስክሪን ሲጠፋ መጀመሪያ አፋቸው ላይ የመጣው ይሄው ነው። እኔም ምኑ ይሻላል፣ ሻማ ፍለጋ ልነሳ ነበር። ግን የማይክሮዌቩ ሰዓት በርቷል፣ ፍሪጁም እያጉረመረመ ነው። እንግዲያው ኬብሉ ነው ተባለ፣ ጋሼ ሪሞቱን መዳፋቸው ላይ መታ መታ ያደርጋሉ፣ እኔ ከቴሌቪዥኑ ጀርባ ገብቼ ገመድ እነካካለሁ፣ እዛው እያለሁ የሰዎች ስም ያለ ምንም ሙዚቃ ስክሪኑ ላይ መታየት ጀመረ። አለቀ ማለት ነው። ከስምንት ዓመት በላይ የሄደ ድራማ እንዲህ አድርጎ አለቀ።

«እንዴ፣ ሞተ ወይስ አልሞተም?» አለ ሦስተኛው ልጅ። እኔና ጋሼ እስከ ዛሬ እዛች ጥያቄ ላይ ነን። እሱ አግብቶ ወልዶ ረስቶታል።

ይሄን ጉዳይ ከዳር እስከ ዳር ልጽፈው የፈለግኩት ሰው ሁሉ ሲከራከርበት የሚያነሳው ማስረጃ የተሳሳተው ማስረጃ ስለሚመስለኝ ነው። ያላያችሁ ካላችሁ አሁኑኑ ውጡ፣ ምንም አልደብቅም። ቀኖቹ በፈረንጅ ናቸው፣ አንዷን ብቻ በእኛ ልቁጠራት፦ ድራማው የጀመረው በፈረንጆች 1999 ጃንዋሪ 10 ነው፣ ያለቀው ደሞ በእኛ 1999 ሰኔ 3 ነው። ሚሊኒየማችን ሊገባ ሦስት ወር ሲቀረው። ይሄ ምንም ትርጉም የለውም፣ ግን ጋሼ ትርጉም አለው ይላሉ።

ለማስታወስ ያህል፣ ሶፕራኖስ ኤችቢኦ የሚባል የኬብል ጣቢያ ላይ የሄደ 86 ክፍል ያለው ድራማ ነው። ቶኒ ሶፕራኖ የኒው ጀርሲ ማፊያ አለቃ ነው፣ ሰው ያስገድላል፣ ራሱም ይገድላል፣ በዛው ላይ ጭንቀት እየጣለው ሳይካትሪስት ጋ ይሄዳል፣ እቤቱ ደሞ እንደማንኛውም አባት ከልጆቹ ጋር ይጨቃጨቃል። የሠራው ጄምስ ጋንዶልፊኒ ነው። ፈጣሪው ዴቪድ ቼዝ ነው፣ የመጨረሻውንም ክፍል የጻፈውም ዳይሬክት ያደረገውም እሱ ራሱ ነው፣ ስለዚህ ኤዲተሩ አበላሸው፣ ዳይሬክተሩ አልገባውም የሚባል ነገር የለም። ወደ 12 ሚሊዮን የሚጠጋ ሰው በዛች ማታ አይቶታል።

መጨረሻው ላይ ሁኔታው ምን ይመስል ነበር መሰላችሁ፣ ከኒው ዮርክ ማፊያዎቹ ጋር ጦርነት ነው። የቶኒ እህት ባል ቦቢ የአሻንጉሊት ባቡር ሲገዛ ሱቅ ውስጥ በጥይት ተደብድቦ ሞቷል፣ ቀኝ እጁ ሲልቪዮ ሆስፒታል ራሱን አያውቅም። ግድያውን ያዘዘው የኒው ዮርኩ ፊል ሊዮታርዶ ነው፣ እሱንም የራሱ ሰዎች አሳልፈው ሰጡትና ነዳጅ ማደያ ላይ፣ ሚስቱና ሕፃናት የልጅ ልጆቹ መኪና ውስጥ እያሉ ግንባሩን ተመታ፣ መኪናዋም ተንከባላ ጭንቅላቱ ላይ ወጣች። ስለዚህ በወረቀት ደረጃ ጦርነቱ አብቅቷል። በሌላ በኩል ካርሎ የሚባለው የቶኒ ሰው መንግሥት ጋ ሄዶ ሊመሰክር እንደሆነ ተሰምቷል፣ ጠበቃውም የመከሰስህ ዕድል ከ80 እስከ 90 ፐርሰንት ነው ብሎታል። እቺን ፐርሰንት ያዙልኝ፣ ጋሼ በኋላ ይመዙዋታል።

አሁን ትዕይንቱን ቀስ ብለን እንየው፣ ምክንያቱም ሁሉም ነገር ያለው እዛ ነው።

ቦታው ብሉምፊልድ፣ ኒው ጀርሲ፣ ሆልስተንስ የሚባል አይስክሬምና በርገር የሚሸጥ ቤት ነው፣ የእውነት ያለ ቤት። ቶኒ በሩን ገፍቶ ገባ፣ ቆሞ ቤቱን ቃኘ፣ ከዛ ካሜራው የሚያየውን ሲያሳየን የሚያየው ራሱን ነው፣ ጠረጴዛ ይዞ ተቀምጦ። መንገዱን ሲሄድ አላየንም። ብዙ ሰው እቺን ሳያያት ያልፋል፣ ቼዝ ግን በኋላ ሲጠየቅ ሆን ብዬ ነው ብሏል። ቶኒ ጠረጴዛው ላይ ያለችውን የዘፈን መምረጫ አገላብጦ ሳንቲም ከተተና ጆርኒ የሚባለው ባንድ የ1981 ዘፈን፣ «ዶንት ስቶፕ ቢሊቪን»፣ ተከፈተ። ሚስቱ ካርሜላ መጣች። ቀጥሎ አንድ ግራጫ ጃኬት የለበሰ ሰውዬ ገባ፣ ከኋላው ልጁ ኤጄ። ሰውዬው ባንኮኒው ጋ ተቀመጠና ወደ ቶኒ አየት አደረገ፣ ትንሽ ቆይቶ ተነስቶ በአጠገባቸው አልፎ ሽንት ቤት ገባ። ውጪ ደሞ ሴት ልጁ ሜዶው መኪናዋን ጠርዝ ይዛ ለማቆም ትታገላለች፣ ገባች፣ ወጣች፣ እንደገና ገባች፣ ጎማው የመንገዱን ጠርዝ መታ፣ ይሄ ሁሉ ጊዜ ለመኪና ማቆም! ሰውነትህ ይግላል፣ ምን ሊመጣ ነው ትላለህ። ሽንኩርቱ መጣ፣ ኤጄ አባቱን ድሮ ያልከውን አስታውስ፣ ጥሩ ጥሩውን ጊዜ አስቡ አላልክም ወይ አለው። ቶኒ ራሱ የተናገረውን ረስቶታል፣ የመጀመሪያው ሲዝን ማለቂያ ላይ በዝናብ ማታ ሬስቶራንት ተቀምጠው ያላቸው ነው። ሜዶው መኪናዋን አቁማ መንገዱን እየሮጠች ተሻገረች። ቃጭሉ አቃጨለ። ቶኒ ቀና አለ።

ጥቁር። አስር ሰከንድ ያህል። ከዛ ስም ዝርዝር። ቼዝ እንደውም የፈለገው ስሙም እንዳይኖር፣ የኤችቢኦ ምልክት እስኪመጣ ድረስ ጥቁሩ ዝም ብሎ እንዲቀጥል ነበር፣ የዳይሬክተሮቹ ማኅበር አይሆንም አለው። ይሄ ተፈቅዶለት ቢሆን እኔ ገመዱን ነቅዬ ጨርሼው ነበር።

በነጋታው ምን ሆነ? እብደት ነው የሆነው። ገመድ የነካካነው እኛ ብቻ አልነበርንም፣ አገር ምድሩ ኬብሌ ተበላሸ ብሎ ነበር። ግማሹ ተጭበረበርን ይላል፣ ግማሹ እንዲህ ያለ ነገር በቴሌቪዥን ታይቶ አይታወቅም ይላል። ቼዝ ቀድሞ ፈረንሳይ ሄዶ ነበር፣ ነገሩ ሲሞቅ አልነበረም። ለአንድ ሰው ብቻ ተናገረ፣ ለስታር ሌጀር ጋዜጠኛው ለአለን ሴፒንዎል፣ ስታር ሌጀር ማለት ቶኒ ጠዋት ጠዋት በነጠላ ጫማና በጋዋን ወርዶ ከግቢው የሚያነሳት የሰፈሩ ጋዜጣ ናት። ያለውም ባጭሩ፣ አላብራራም፣ አልከላከልም፣ የጨመርኩትም የምቀንሰውም የለም፣ ያለው ሁሉ እዛው ስክሪኑ ላይ አለ የሚል ነው። አስር ቀን ሳይሞላ ቢልና ሂላሪ ክሊንተን ራሳቸው ለምርጫ ዘመቻ ብለው ትዕይንቱን አስመስለው ቀርጸውታል፣ በሽንኩርቱ ፈንታ ካሮት ይዘው።

እዚህ ጋ ስለ አንድ ወሬ ማውራት አለብኝ ምክንያቱም እኔም አምኜው ለሰው አሰራጭቼዋለሁ። በዛው ሰሞን በኢሜይል የዞረ ጽሑፍ ነበር። ባለ ጃኬቱ የፊል ሊዮታርዶ የወንድም ልጅ ነው፣ በስድስተኛው ሲዝን ታይቷል፣ ኋላ የገቡት ሁለት ጥቁር ወጣቶች በመጀመሪያው ሲዝን ቶኒን ሊገድሉ የሞከሩት ናቸው፣ ስም ዝርዝሩ ላይ አለ ይላል። እኔ ደግሜ ሳላይ ለጋሼ አነበብኩላቸው፣ «አየህ!» ብለው ተነስተው ቆሙ። ሁሉም ውሸት ነው። ስም ዝርዝሩ ላይ ያለው «ባለ ጃኬቱ ሰውዬ» የሚል ነው፣ በቃ። ከሁለቱ ወጣቶች አንዱ ደሞ በመጀመሪያው ሲዝን እዛው ጎዳና ላይ ሞቷል፣ ከሞት ተነስቶ አይስክሬም ሊበላ አይመጣም። ጋሼ ከዛ ቀን ጀምሮ እኔ የማነበውን ነገር አያምኑም፣ ልክ ናቸው።

እንግዲህ «ሞቷል» የሚለው ወገን፣ እኔ ያለሁበት፣ ብዙ ጊዜ የሚያነሳው ሦስት ነገር ነው።

አንደኛ ሽንት ቤቱ። ዘ ጎድፋዘር ላይ ማይክል ኮርሊዮኔ ሬስቶራንት ውስጥ ሽንት ቤት ገብቶ ሽጉጥ ይዞ ይወጣል፣ እዛው ድራማ ውስጥም ኤጄ ለአባቱ የምትወደው ትዕይንት እሱ አይደል ብሎት ያውቃል። ሁለተኛ ጃኬቱ፣ «ሜምበርስ ኦንሊ» የሚባል የጃኬት ስም ነው፣ የስድስተኛው ሲዝን የመጀመሪያ ክፍል ርዕስም ይሄው ነው፣ በዛ ክፍል ያንን ጃኬት የለበሰ የቶኒ ሰው ሬስቶራንት ገብቶ ሰው ይገድላል፣ ቶኒም በዛው ክፍል በአጎቱ በጁኒየር ጥይት ይመታል። ሦስተኛ የቦቢ ንግግር፣ ጀልባ ላይ ቶኒና ቦቢ ቁጭ ብለው ሲያወሩ ቦቢ ሲመጣብህ ድምፁን እንኳ አትሰማውም ይሆናል ይላል፣ ይሄን ደሞ ከመጨረሻው በፊት ባለው ክፍል መዝጊያ ላይ እንደገና አሳዩን።

የቦቢው ጥሩ ነው። ሌሎቹ ሁለቱ ግን፣ እውነቱን ልናገር፣ የመንደር ጠንቋይ ሥራ ነው። ሽንት ቤት የገባ ሁሉ ገዳይ ከሆነ ሆልስተንስ በየቀኑ ሬሳ ነበር የሚያወጣው። እዚህ መንገድ ከገባህ ደሞ ማቆሚያ የለውም፣ ሽንኩርቱን ሦስቱም ሳይቆርሱ ሙሉውን አፋቸው ስለከተቱት ቁርባን ነው የሚሉ አሉ። በዘይት የተጠበሰ ሽንኩርት ቁርባን ነው ብለህ ሂድና ለእናቴ ንገራት። ብርቱካን የመሰለች ድመትም አለች፣ የሟቹን የቶኒ ሰው የክሪስቶፈርን ፎቶ ላይ አፍጥጣ የምትውል፣ ስለ እሷ ዝም ልበል።

ሌላም አለ፣ የቶኒ ሰው የሆነው ፓትሲ ፓሪሲ ነው ያስገደለው የሚል። ፓትሲ መንታ ወንድም ነበረው፣ ድሮ በቶኒ ትዕዛዝ ተገድሏል፣ አሁን የፓትሲ ልጅና ሜዶው ሊጋቡ ነው። ይሄንን ስነግራቸው ጋሼ ሳቁ። «ልጁን ሊድር ነው እያልከኝ? ሰርግ እየደገሰ ደም የሚመልስ ሰው አይተህ ታውቃለህ?» አላውቅም። ባውቅም አልነግራቸውም ነበር።

ታዲያ ለምን ሞቷል እላለሁ? ቃጭሉ ነዋ።

ትዕይንቱን ድምፁን ከፍ አድርጋችሁ እዩት። ቃጭሉ ያቃጭላል፣ የቶኒን ፊት እናያለን፣ ቀና ይላል፣ ከዛ ቶኒ የሚያየውን እናያለን፦ በሩን፣ የገባውን ሰው። ቃጭል፣ ፊት፣ እሱ የሚያየው። እንደገና ቃጭል፣ ፊት፣ እሱ የሚያየው። አንዲት ሴት ገባች፣ አንድ ኮፍያ ያደረገ ሰውዬ ገባ፣ ካርሜላ ገባች። ዳይሬክተሩ እየደጋገመ ፊደል እያስቆጠረን ነው፣ ሀ፣ ሁ፣ ሂ። መጨረሻ ላይ ቃጭሉ ያቃጭላል፣ ፊቱን እናያለን፣ ቀና ይላል፣ ቀጥሎ መምጣት ያለበት እሱ የሚያየው ነው። የመጣው ጥቁር ነው። ስለዚህ ጥቁሩ የቴሌቪዥኑ መጥፋት አይደለም፣ ጥቁሩ ቶኒ የሚያየው ነው። የሚሰማውም እሱ ነው፣ ምንም። ቦቢ አትሰማውም ያለውን ነገር እኛው ሳንሰማው አሳለፍነው።

ይሄ ከጃኬትና ከሽንት ቤት በምን ይለያል መሰላችሁ፣ ጃኬቱ ምልክት ነው፣ ምልክት ደሞ እንደ ተርጓሚው ነው። ቃጭሉ ግን ምልክት አይደለም፣ ሰዋስው ነው። ግስ መጨረሻ ላይ እንደሚመጣ የምታውቅ ሰው ዓረፍተ ነገሩ ሳያልቅ ሲቆም የቱ ቃል እንደጎደለ ታውቃለህ። ሰምና ወርቅ ልል ነው ብላችሁ የጠበቃችሁ አዝናለሁ፣ ቅኔ አይደለም ይሄ።

ይሄን በ2008 አካባቢ የሆነ ሰው በጣም በጣም ረጅም አድርጎ፣ ቀረጻ በቀረጻ ተንትኖ ጽፎት ነበር፣ እኔም የገባኝ እሱን ካነበብኩ በኋላ ነው እንጂ መጀመሪያ ማታ ገመድ ነው የነካካሁት፣ አልዋሽም።

ጋሼ ግን። ጋሼ ከታክሲ ሥራ ሲመለሱ ይሄን አስረዳሁዋቸው፣ ዲቪዲውን አስገብቼ ሪሞቱን ይዤ እያስቆምኩ፣ ቃጭል፣ ፊት፣ በር። ዝም ብለው አዩ። ከዛ ሪሞቱን ከእጄ ተቀበሉና ወደኋላ መለሱት። «እዚህ ጋ አቁም። ባለ ጃኬቱና ልጁ ሲገቡ ካሜራው የት ነው ያለው? ቶኒ ከተቀመጠበት ነው?» በትክክል ከእሱ ቦታ አይደለም። «መጀመሪያ ሲገባስ ራሱን ነው የሚያየው አላልከኝም? እንግዲያው የእሱ ዓይን ነው ያልከው ዓይን ሁልጊዜ የእሱ አይደለም ማለት ነዋ።» ታክሲ ነጂ ናቸው፣ መስታወት ውስጥ ማን ማንን እንደሚያይ ሲያስቡ ነው የሚውሉት፣ ምን ልበል።

የእሳቸው ክርክር እንዲህ ነው የሚሄደው። ፊል ሞቷል፣ ኒው ዮርኮቹ ታርቀዋል፣ ታዲያ ማን ነው የሚገድለው? በ86 ክፍል ስንት ሰው ሞተ፣ አንድም ሳያሳዩን የቀሩት የለም ማለት ይቻላል፣ ደሙንም ሬሳውንም አሳይተውናል፣ የፊልን ጭንቅላት መኪና ሲሄድበት ድምፁን እንኳ አልማሩንም፣ አሁን ዋናው ሰውዬ ላይ ሲደርሱ ይሉኝታ ያዛቸው? ደሞ ጠበቃው ከ80 እስከ 90 ፐርሰንት ብሏል፣ የሚጠብቀው እስር ቤት ነው፣ ይሄን የሚያህል ቅጣት እያለ ጥይት ለምን ያስፈልጋል። «ሬሳ ሳላይ ለቅሶ አልቀመጥም» ይላሉ በመጨረሻ፣ «ደሞስ ማን አረዳኝ?»

እቺ «ማን አረዳኝ» የምትለዋ ናት ጉዳዩን ለ14 ዓመት ያስኬደችው። መርዶ ነጋሪ አንድ ሰው ነው ያለው፣ ቼዝ፣ እሱ ደሞ በየጊዜው በሩ ድረስ መጥቶ ሳል ሳል አድርጎ የሚመለስ ዓይነት መርዶ ነጋሪ ነው።

2007 አላብራራም አለ። 2014 ላይ ቮክስ የሚባል ድረ ገጽ ላይ አንዲት የፊልም ምሁር ስለ እሱ ጽፋ ወጣ፣ ሞቷል ወይ ብላ ጠይቃው አይ አልሞተም አለኝ ትላለች። ጋሼ በዛ ቀን ደውለውልኛል፣ ያኔ ተለያይተን ሌላ ሌላ ቦታ ነው የምንኖረው፣ «ሰማህ?» ብቻ ነው ያሉኝ። በዛው ቀን ግን የቼዝ ሰዎች መግለጫ አወጡ፣ ያለው ተጣሞ ነው የቀረበው፣ ሞተ አልሞተም ዋናው ነጥብ አይደለም አሉ። እኔም ደወልኩ፣ አላነሱም።

2015 ላይ ለዳይሬክተሮች ማኅበር መጽሔት ትዕይንቱን ቀረጻ በቀረጻ አብራራው። ካነበብኩት ሁሉ ይሄ ነው ጥሩው፣ ስለ ሥራው ስለሚያወራ። ሕይወት አጭር ናት፣ እዚህም አለቀ ሌላ ጊዜ፣ ያለችህን ጊዜ ማመንህን አታቁም የሚል ነገር ነው ያለው፣ ዘፈኑን ማለቱ ነው። ስለ ዘፈኑ ካነሳን አይቀር፣ ዘፋኙ ስቲቭ ፔሪ መጨረሻው ምን እንደሆነ ካልተነገረኝ አልፈቅድም ብሎ ነበር፣ ቤተሰቡ ዘፈኑ እየተሰማ በጥይት ሲረፈረፍ እንዳያይ ፈርቶ። የተሳካለት እሱ ነው፣ ቀድሞ የተረዳ ብቸኛ ሰው።

2019 መጀመሪያ ላይ የወጣ መጽሐፍ አለ፣ ሴፒንዎልና ማት ዞለር ሳይትዝ ቼዝን ለረጅም ሰዓት ያናገሩበት። እዛ ውስጥ ቼዝ ስለ አጨራረሱ ሲያወራ «ያንን የሞት ትዕይንት» ብሎ አመለጠው። ሁለቱ ሰዎች አሁን እኮ የሞት ትዕይንት አልክ ሲሉት ዝም አለ፣ ከዛ ሰደባቸው። አስራ ሁለት ዓመት ጠብቆ በምላሱ ተደናቀፈ። እኔ ገጹን ፎቶ አንስቼ ለጋሼ ላኩላቸው፣ የመለሱልኝ የእጅ ምልክት አንድ ብቻ ናት፣ የትኛዋ እንደሆነች አልናገርም፣ ትልቅ ሰው ናቸው።

2021 ኖቬምበር ላይ ደሞ ለሆሊውድ ሪፖርተር ፖድካስት ቁርጡን ተናገረ ተባለ። ያለው ይሄ ነው፦ መጀመሪያ ያሰበው ሌላ ነበር፣ ድራማው በየሳምንቱ ሲከፈት ቶኒ ሊንከን ተነል ከሚባለው የመኪና ዋሻ ወጥቶ ወደ ኒው ጀርሲ ይነዳል አይደል፣ መጨረሻ ላይ ተመልሶ ወደ ኒው ዮርክ እንዲሄድና ስብሰባ ላይ እንዲገደል። በኋላ አንድ ቀን መኪና ሲነዳ የሆነች ትንሽ ምግብ ቤት አየና ቶኒ እንደዚህ ያለ ቦታ ነው ሞቱን ማግኘት ያለበት ብሎ አሰበ፣ ለምን እንደሆነ እንጃ ይላል። ጋዜጦቹ ሁሉ «ቼዝ አረጋገጠ» ብለው ጻፉ። እኔ አሸናፊ ነኝ፣ አይደል?

ደስ አላለኝም። እውነት። ልብ ብላችሁ ካነበባችሁት የተናገረው ምን ሊያደርግ አስቦ እንደነበር ነው። ጋሼም ወዲያው ያዙዋት፣ «ያሰበውን ነው የነገረን፣ እኔ የማየው ያደረገውን ነው» አሉ፣ እና የሚገርመው ይሄ የእኔው ክርክር ነው፣ ያለው ሁሉ ስክሪኑ ላይ ነው የምለው እኔ ነኝ፣ ቼዝም 2007 ላይ ያለው እሱን ነው። ያለው ስክሪኑ ላይ ከሆነ የ2021 ፖድካስት ለእኔም አይሠራልኝም። ቃጭሉ 2007 ላይ በቅቶኛል፣ ምስክር ሲጨመርበት ይባስ ቀጠነብኝ።

እሱ ራሱ በዛው ቃለ መጠይቅ ያማረረው ነገር ግን ልክ ነው። የከነከነው ሰዉ ቶኒ ሲገደል ለማየት ያን ያህል መፈለጉ ነው። እኔ ላይ ይሠራል። ስምንት ዓመት ሙሉ ወደን አብረነው ቁጭ ብለን፣ ቀልዱን ስቀን፣ ሲያስገድል እያየን ለሚቀጥለው እሁድ ቀጠሮ ይዘን፣ መጨረሻ ላይ ደሙን ካላየን ብለን ነው ገንዘባችን ይመለስ ያልነው። ጋሼ ቢያንስ ከዚህ ንጹሕ ናቸው፣ እንዲሞት አልፈለጉም።

ጋንዶልፊኒም መጀመሪያ ሲያየው ተናዶ ነበር፣ ያን ሁሉ መከራ አይቼ እንዲህ ነው እንዴ የሚያልቀው ብሎ፣ በነጋታው ግን ልክ ነው ብሎ ተቀበለው። እሱ ራሱ ጁን 19 ቀን 2013 ሮም ላይ ለሽርሽር ከቤተሰቡ ጋር በሄደበት ሞተ፣ በ51 ዓመቱ። የዛን ሰሞን ሆልስተንስ ጠረጴዛዋን «ተይዛለች» የሚል ምልክት አስቀምጦባት ነበር። ጋሼ የዛን ቀን አለቀሱ። ለቶኒ አይደለም፣ ለሰውዬው። «ይኸው፣ የእውነቱ እንዲህ ነው የሚነገረው» አሉኝ በስልክ፣ ሌላ ምንም አላሉም።

2024 ማርች ላይ ጠረጴዛዋና ወንበሮቹ ስላረጁ ቤቱ ሊቀይራቸው ነው ተብሎ በኢቤይ ጨረታ ወጡ፣ በ82,600 ዶላር ተሸጡ። አዲሶቹን አሮጌዎቹን አስመስለው ሠሯቸው። ዋጋውን ስነግራቸው ጋሼ «ለባዶ ወንበር?» አሉና ቆይተው «ሽንኩርቱስ ስንት ነው?» ብለው ጠየቁኝ።

ባለፈው ገና ቤታቸው ሄጄ አብረን ደግመን አየነው፣ አሁን ጡረታ ወጥተዋል፣ ትልቅ ስክሪን ገዝተዋል። ሪሞቱን አልሰጡኝም። ኤጄ ጥሩ ጥሩውን ጊዜ አለ፣ ባለ ጃኬቱ ሽንት ቤት ገባ፣ ሜዶው በሦስተኛው መኪናዋን አስገባች፣ ወርዳ መሮጥ ጀመረች። እኔ ድምፁን ጨምሩት ጋሼ፣ ቃጭሉ አሁን ነው አልኩ። አውራ ጣታቸው ወረደ፣ ስክሪኑ ቆመ። ልጅቷ አንድ እግሯ አየር ላይ መንገዱ መሃል ቀረች።

«ሻይ ልጣድ» ብለው ተነሱ።